ሲሮጡ የታጠቁት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ ተማሪዎች ዛሬ ልንናገር የመረጥነው በሆንግ ኮንግ ስለ ታየው የፓስፖርትና የዜግነት ወረፋ ነው። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም የመሥሪያ ቤት ሥራ ከሰው ኑሮ ጋራ ምን ያህል እንደ ተሳሰረ ያስረዳል። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግሊዝና ቻይና በ1984 በተፈራረሙት ውል መሠረት ሆንግ ኮንግ ጁላይ 1 ቀን 1997 ለቻይና ተመለሰች። ሕዝቡ እስከዚያ ድረስ ይዞት የነበረው የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ዜግነት ከዚያ ቀን በኋላ የሚቀር ስለ ሆነ፥ ከ1987 ጀምሮ ቢ.ኤን.ኦ. የተባለ አዲስ ፓስፖርት ይሰጥ ጀመር። ይህም ለጉዞ ይረዳል እንጂ በራሱ በእንግሊዝ አገር የመኖር መብት አያስገኝም ነበር።

የከተማይቱ ሕዝብ ከ6 ሚሊዮን በላይ ስለ ነበረ፥ ሁሉም በመጨረሻው ወር ቢመጣ መሥሪያ ቤቱ ሊችለው አይችልም። ስለዚህ ሕዝቡ በተወለደበት ዓመት ተከፋፈለና ለየክፍሉ የተለየ የማመልከቻ ማብቂያ ቀን ተወሰነለት። ሥራውም በዓመታት ላይ ተበተነ።

በሌላ ቦታ ተወልደው በሆንግ ኮንግ የሚኖሩት ግን ፓስፖርቱን ለማግኘት አስቀድመው ዜግነት መጠየቅ ነበረባቸው። ለእነዚህ የተቆረጠው የመጨረሻ ቀን ለሁሉም አንድ፥ ማርች 31 ቀን 1996 ነበር። ብዙዎች እስከ መጨረሻው ስለ ቈዩ በዚያች አንዲት ቀን ብቻ ከ54 ሺሕ በላይ ማመልከቻ ገባ። ሰልፉም በዋን ቻይ ሰፈር እጅግ ረዘመ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለታቸው እንዲህ ላለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ትውልዳቸው ከቻይና ያልሆነ፥ በተለይም የሕንድ ተወላጆች ጉዳይ ነበር። ቻይናውያኑ አዲሱን የሆንግ ኮንግ ፓስፖርት ያገኛሉ፤ እነዚህ ግን ሌላ ዜግነት የላቸውም፥ ቢ.ኤን.ኦ.ም ለልጅ አይተላለፍም። ከብዙ አቤቱታ በኋላ ርክክቡ ሊፈጸም ወራት ሲቀሩት፥ በ1997፥ የእንግሊዝ ፓርላማ ሙሉ ዜግነት እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ሥራን አስቀድሞ በየተራ መክፈል ወረፋን ያቃልላል። ነገር ግን የተራው አደላደል ምንም ያህል ቢያምር፥ ሕጉ የዘነጋውን ሰው አያድነውም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የምንቀመጥ እኛ ነንና፥ ከማመልከቻው ጀርባ ሰው መኖሩን አንርሳ።