ስምጥ ሸለቆ በክፍል ውስጥ



በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያም ብዙ ሕዝብ ከቀየው ተነሥቷል። በዚያን ጊዜ አንድ ተማሪ «ምድር ምን ሆነች?» ብሎ መምህሩን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣለ መሥመር ለጥያቄው በቂ መልስ አይሆንም። ክፍሉን በሙሉ ወደ አፋር መውሰድም ከርቀቱ፣ ከሙቀቱና ከወጪው የተነሣ ለአብዛኛው ትምህርት ቤት የማይሞከር ነው።

ምናባዊ ጉብኝት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከሳተላይት የተነሡ ፎቶግራፎችና ካርታዎች በኮምፒዩተር እየታዩ ተማሪው ከመቀመጫው ሳይነሣ ስፍራውን ይመረምራል። ሆኖም ማሳየት ብቻውን ማስተማር አይደለም፤ ተማሪው ካልለካና ካላሰላ ጉብኝቱ ከሲኒማ አይለይም።

ለዚህ በአፋር የሚገኘው ዳባሁ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ቅልጥ አለት 60 ኪሎሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ገብቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከምድር ሥር ያለውን አለት እስከ 8 ሜትር ድረስ አራራቀው። መጠኑ የታወቀውም በሳተላይት ራዳር ልኬት ነው። ተማሪዎች በጉግል ኧርዝ ላይ ከዳባሁ ወደ ደቡብ 60 ኪሎሜትር ለክተው፣ ርቀቱን ከሚያውቁት መንገድ ጋር ያስተያዩት። ቀጥለው ያስሉ፤ በዚያ አካባቢ የአፍሪካና የዓረቢያ ምድር በዓመት በአማካይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ 8 ሜትር የ400 ዓመት ድርሻ ነው። ምድር ለዘመናት ያመቀችውን በሳምንታት እንደምትለቅ ተማሪው በሚገባ የሚረዳው እዚህ ስሌት ላይ ራሱ ሲደርስ ነው። ኢንተርኔት በሌለበትም የታተመ ሥዕልና ማስመሪያ ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ሥዕል የማይሰጠው ነገርም አለ፤ የድንጋይ ክብደትና ጥንካሬ ሥዕል በማየት አይታወቅም። ስለዚህ መምህሩ ለመንገድ ንጣፍ የሚጠረበውን ባዛልት አምጥቶ በተማሪው እጅ ያስይዘው። የአፋርም ቅልጥ አለት ሲበርድ በአብዛኛው የሚሆነው ይኸው ባዛልት ነው።

የመሐንዲሶችም ድርሻ ቀላል አይደለም። ለመንገድና ለሕንፃ ሲቆፈር የሚገለጠውን የአለት ገጽ ከሜትር መለኪያ ጋር ፎቶግራፍ አንሥተው፣ የስፍራውን ስም ጽፈው በአቅራቢያው ላለው ትምህርት ቤት ቢሰጡ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ነገ በስምጥ ሸለቆ ላይ መንገድ የሚቀይሰው ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነውና።