የሙቀት ወራት ገበታ በጣና ዳር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባሕር ዳር ነው፤ ያውም በመጋቢት ማለቂያ። ባሕር ዳርን በጥምቀት ሰሞን ብቻ የሚያውቃት ሰው በዚህ ወር ቢመጣ ሌላ ከተማ የገባ ይመስለዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ብትቀመጥም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይዋን የሚመክት የለም። አስፋልቱ ይግላል፣ ባጃጆች ከዘንባባው ሥር ይደረደራሉ፣ መንገደኛው ሁሉ ፊቱን ከሐይቁ ወደሚመጣው ነፋስ ያዞራል።

ብዙዎቻችን ባሕር ዳር ስንመጣ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ደሴቶቹ እንሮጣለን። እኔን ዘንድሮ ያስደነቀኝ ግን ገበታው ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው ሙቀቱ በሚበረታባቸው ሳምንታት ነው። ጿሚው ከሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምስ ይቆይና፣ በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የቀኑ ግለት ገና ሳይበርድ ነው። በዚያ ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ የሚንተከተክ ወጥ ማን ይደፍራል? የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፤ እነዚህን ሁሉ የጾም ምግብ ብለን እናልፋቸዋለን። እኔ ግን የሙቀት ምግቦችም ናቸው እላለሁ። ከእሳት ወርደው፣ በርደው ነው የሚበሉት።

ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ገብቼ ሱፍ ሲዘጋጅ አየሁ። የሐበሻው ሱፍ ነው፣ ያ እሾሃሙ። «እማማ፣ ላግዝዎት?» ብላቸው፣ «አንተ ተቀመጥ፣ ሱፍ ችኩል አይወድም» አሉኝ። ፍሬው አስቀድሞ ተቀቅሎ ደርቋል። በሙቀጫ ከነልጣጩ ወቀጡት፣ በውሃ በጠበጡት፣ ከዚያ ደጋግመው አጠለሉት። ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ወረደ። ዝንጅብል፣ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት፣ ጨው ገባበት፤ እንጀራው በላዩ ተፈተፈተ።

ውሃውን የቀዱት ከሸክላ እንስራ ነው። እንስራው ከውጭ በኩል እርጥብ ነበር። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ ይወጣል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በውስጥ የቀረው ይበርዳል። ያለ መብራት፣ ያለ ማቀዝቀዣ! እዚያ ቤት የበላሁትን ሱፍ እስከ ዛሬ እያነሳሁ አወራለሁ። ቃሪያው ያቃጥላል፣ ሱፉ ያበርዳል፤ ሁለቱ አፍ ውስጥ ሲገናኙ የውጪው ፀሐይ ይረሳል። ከላዩ በቅል ብርዝ ቀረበልኝ፤ ማሩ በውሃ ብቻ የተበረዘ፣ ገና ያልፈላ፣ የማያሰክር።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ተሻገርን። እዚያ ስላለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ብዙ ሰምታችኋልና አልደግመውም። እኔን ያስቆመኝ ጥላው ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ቡና ጫካው ውስጥ ስትገቡ አየሩ በአንዴ ይለወጣል። በቅጠሉ መካከል ሐይቁ ብልጭ እያለ ይታያል፤ ከወዲያ የደንገል ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፋል። እዚያ ቆሜ ቀረሁ፤ ጓደኞቼ እስኪጠሩኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

አስጎብኚያችን ታሪኩን የነገረን እዚያው ዛፍ ሥር ነው። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም የዘጌን ሰዎች ቃል አስገብተዋቸዋል አለን፦ መሬቱን በበሬ አትረሱ፣ ዛፉን አትቁረጡ፣ ከዛፉ ፍሬ ትኖራላችሁ። ቃሉ እስከ ዛሬ ይከበራል። ስለዚህ ዘጌ ጤፍ አይዘራባትም፤ ቡናዋን፣ ጌሾዋንና ሎሚዋን ሸጣ እህል ትሸምታለች። አስቡት፤ የባሕር ዳርን ሰው በሙቀት የሚያረካው ጠላ ጌሾ ይፈልጋል፣ አዚፋው ሎሚ ይፈልጋል። በጥላዋ የምታበርደው ዘጌ፣ በጓዳም በኩል ታበርዳለች። ይህን ስሰማ በእውነት ኮራሁ።

በጉዞው ላይ ደጋግሜ ያሰብኩት ጃፓኖችን ነው። እነሱ በበጋቸው አጋማሽ፣ እኛ ሐምሌ በምንለው ወር፣ ሙቀቱን ለመቋቋም እባብ መሳዩን ዓሣ ጠብሰው የሚበሉበት የታወቀ ቀን አላቸው። ከዚህ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው፦ ገብስ ቆልተው በውሃ ያፈሉታል፣ ካቀዘቀዙት በኋላ ቀኑን ሙሉ ይጠጡታል። ገብስ ቆልቶ! የእኛ በሶስ ምንድን ነው? የተቆላ ገብስ ዱቄት፤ በውሃ ተበጥብጦ፣ ማር ወይም ስኳር ጣል ተደርጎበት የሚጠጣ፣ የዘማችና የመንገደኛ ስንቅ። ሁለት ሩቅ ሕዝቦች ለጥማትና ለድካም አንድ እህል ቆሉ። እነሱ ቀናቸውን ሰይመው፣ ወቅቱን በምግብ አክብረው ለዓለም አስተዋውቀዋል። እኛስ?

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በሐይቁ ዳር ባረፍኩባቸው ቦታዎች በዚያ ሙቀት ቶሎ የሚቀርበው ለስላሳ ነው። ሱፍና በሶ ስጠይቅ አስተናጋጇ ፈገግ አለች፤ «እሱን እኮ ቤታችን ነው የምንበላው» አለችኝ። የባሕር ዳር ሆቴሎች ሆይ፣ ቤታችሁ የምትበሉትን አቅርቡልን! የጣናው ዓሣ በዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጥ፣ ይገባዋል፤ ከጎኑ ግን የሱፍ ፍትፍት፣ በማር የተበጠበጠ ተልባ፣ የዘጌ ሎሚ ያረፈበት አዚፋና ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ይጻፍ። በሚቀጥለው ሁዳዴ የምሄደው ይህን ብዬ ለማዘዝ ነው።