ከባሕር ማዶ የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለምን ይቃጠላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

የዛሬው በዓል ሲከፈት፣ ልክ ከቀኑ በ8 ሰዓት፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩትን አሮጌ የኤሌክትሪክ ሰዓት አስተካክዬ ሰክቼዋለሁ። ሰዓቱ የተሠራው ለአሜሪካ አገር ነው፤ ስለዚህም 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከአጠገቡ አለ። በንግግሬ መጨረሻ ስንት ሰዓት እንደሚል አብረን እንመለከታለን።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አክስቴ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ወተትና ለስላሳ መጠጥ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። ከሁለት ዓመት በፊት በአሜሪካ የሚኖር ወንድሟ ፍሪጅ ላከላት። ትራንስፎርመሩን የሸጠላት ነጋዴ «እንግዲህ ሥጋት የለም» አላት። ፍሪጁም ሠራ፤ ነገር ግን ሞተሩ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ይግል ነበር። በሁለተኛው ወር የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ፤ ወተቱም ተበላሸ። አክስቴ «ዕድሌ ነው» ብላ ዝም አለች። እኔ ግን ነገሩ የዕድል አለመሆኑን በፊዚክስ ትምህርት ተረዳሁ።

ወደየቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚፈስ ነው። ይህም ምልልስ በኢትዮጵያ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ ግን 60 ጊዜ ነው። ቍጥሩ ፍሪክዌንሲ፣ መለኪያውም ሄርዝ ይባላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል ወይም ያወጣል እንጂ ይህን ቍጥር አይነካውም፤ 50 ሆኖ የገባው 50 ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛ፣ በ60 ሄርዝ በደቂቃ ወደ 1800 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ50 ሄርዝ ወደ 1500 ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምልልስ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ቮልቱ እኩል ቢሆንም እንኳ በሞተሩ ብረት ውስጥ የሚያድረው የማግኔት ኃይል በ20 በመቶ ይበረታል። ብረቱ ከሚችለው በላይ ሲሆንበት ሽቦው ያለ ልክ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር ቶኪዮ በ1895 (እ.ኤ.አ.) ከጀርመን የ50 ሄርዝ፣ ኦሳካ በ1896 ከአሜሪካ የ60 ሄርዝ ማመንጫ ገዙ። አገሪቱ እስከ ዛሬ በፍሪክዌንሲ ለሁለት እንደ ተከፈለች ናት። በመጋቢት 2011 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የምሥራቁ ማመንጫዎች ሲቆሙ፣ ምዕራቡ ሊረዳ የቻለው ፍሪክዌንሲ በሚለውጡት ጣቢያዎች መጠን፣ ይኸውም አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ካውያና ምድጃ ሙቀት ብቻ ስለሚሰጡ ቮልታቸው ከተስማማ ይበቃቸዋል። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል የተጻፈበት የስልክና የኮምፒዩተር ቻርጀርም በሁለቱም አገር ይሠራል። መጠንቀቅ የሚገባን ለፍሪጅ፣ ለውሃ ፓምፕና ይህን ለመሰለ ባለ ሞተር ዕቃ ነው። ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሄርዝ ሲሠራ ቮልቱን ወደ 100 ማውረድ ግለቱን ያበርድለታል፤ ፍጥነቱን ግን አይመልስለትም። ፍሪክዌንሲን የሚለውጥ መሣሪያም አለ፤ ይሁን እንጂ ዋጋው ለአንድ ፍሪጅ ሲባል የሚወጣ አይደለም። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል፤ ቮልቱ ከእኛው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ይሰካል፤ የዚያ አገር ፍሪክዌንሲ ግን 60 ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። የእጅ ሰዓታችሁ ልክ 9 ሰዓት ይላል። ይህ ግን ለ9 ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው ይላል! ስድሳ ምልልስ ሲቈጥር አንድ ሴኮንድ አለፈ ብሎ የሚያምን ነውና፣ በአንድ ቀን 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱ አልተበላሸም፤ የተሰጠውን በትክክል ቈጥሯል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በውጭ አገር ያሉት ዘመዶቻችሁ ዕቃ ከመላካቸው በፊት በጀርባው የተጻፈውን እንዲያነቡላችሁ ለምኗቸው። ቮልቱን ብቻ ሳይሆን ሄርዙንም ይዩ። አክስቴ ይህን የሚነግራት ሰው አላገኘችም፤ እናንተ ግን ዛሬ ሰምታችኋል።