ከኋላ የሚጮኸው ምንድን ነው?
በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር



በበዓሉ ላይ አጠር ያለ ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ ብዙዎቻችሁ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ስለ እሱ ዓመቱን ሙሉ ስናገር ስለምትሰሙኝ ዛሬ ላሳርፋችሁ። የምናገረው ዘሩን ስለምታመላልሰው መኪና ነው። ይህች ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ስትሆን፣ ከእናንተ መካከል በእሷ ያልተሳፈረ ያለ አይመስለኝም። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ እርሻ መሣሪያዎች ጥቂት ተምሬአለሁ፤ የቀረውን ያወቅሁት ከሾፌራችን ጎን ተቀምጬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ የዘር ሥርጭቱ በተጣደፈበት ሰዓት ነበር። መኪናዋ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ስታልፍ ከኋላዋ እንደ ወፍጮ ቤት ያለ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማ ጀመር። የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ተሞላ። ቅጹ ላይ የሰፈረው ቃል አምስት ብቻ ነበር፤ «ከኋላ ይጮኻል፤ ዲፈረንሻሉ ተፈትቶ ይታይ» ይላል። ጋራዡም የታዘዘውን አደረገ። ዲፈረንሻሉን ፈታ፣ ኮሮናውንና ፒኞኑን ባገለገሉ ጥርሶች ቀየረ፣ ደረሰኝ ቆረጠ። መኪናዋ ወጥታ አስፋልት ላይ ስትፈተን የቀድሞው ጉርምርምታ እንዳለ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ የሚያፏጭ አዲስ ድምፅ ተጨምሮበታል። ገንዘብ ከፍለን አንዱን ድምፅ ሁለት አደረግነው ማለት ነው።

ጋራዡን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በሬያችን ሲያነክስ መጀመሪያ ሰኮናውን አንሥተን እሾህ እንፈልጋለን፤ ለመኪናዋ ግን ይህን አላደረግንም። ድምፁ የሚመጣው መቼ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከኋላ አክስል አካባቢ ብዙ ነገር ሊጮኽ ይችላል፤ ከውጭ ሆነው ሲሰሙትም ሁሉም አንድ ይመስላል። የሚለየው ድምፁ የሚመጣበት ሁኔታ ነው።

ሾፌራችን ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁ ነበር። «ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ወደ ዋናው አስፋልት ወጣን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወደ አስፋልቱ ተመላለስን። የመንገዱ ዓይነት ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ጎማ ነው። ጥርሱ እንደ መጋዝ ተበልቶ ያለቀ ጎማ ልክ እንደተበላሸ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። የኋላውን ጎማ ወደ ፊት ቀይሮ ድምፁ አብሮ መሄዱን ማየት ምንም አያስከፍልም። የእኛ ድምፅ በሁለቱም መንገድ ያው ነበር።

ቀጥሎ ሜዳ በሆነው ቦታ 60 ላይ እንዳለን ነዳጁን ጫን፣ ለቀቅ አደረጉት። ኃይል ሲሰጠው ወይም ሲነሣበት ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ ነገሩ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፤ ኮሮናና ፒኞን የሚነካኩት በአንድ በኩል ሲገፉ፣ በሌላ በኩል ሲያግዱ ነውና። አዲሱ ፉጨት እንዲህ ሆነ፤ ሲጫን ይጠፋል፣ ሲለቀቅ ይመጣል። ጉርምርምታው ግን ነዳጁን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ማርሹን ፎሌ አድርገው ሲለቋትም ያው ነው፤ ፍጥነቷ ሲቀንስ ብቻ አብሮ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህ ፈተና ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

በመጨረሻ መሪውን በቀስታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወዘወዙት። መኪና ወደ ቀኝ ስትዞር ክብደቷ በግራ እግሯ ላይ ይጫናል። ወደ ቀኝ ስትዞር ጉርምርምታው ጎላ፤ ወደ ግራ ስትዞር ረገብ አለ። ደብተሬ ላይ «የግራ የኋላ ኩሽኔታ» ብዬ ጻፍሁ። ሥራው ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሌሎቹን ለማስታወስ ያህል ልጥቀስ። በቀጥታ ስትሄድ ዝም ብላ በመታጠፊያ ላይ ብቻ ከጮኸች፣ በዲፈረንሻሉ መሐል ሁለቱ እግሮች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርጉት ትናንሽ ጥርሶች ይጠረጠራሉ። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ «ጓ» የሚል ከሆነ ክሮቸራው ላልቷል ወይም ደርቋል፤ እሱ ርካሽ ነው፤ ችላ ከተባለ ግን ረጅሙን ዘንግ መንገድ ላይ ሊያስጥል ይችላል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች መላላትም ይህንኑ የሚመስል ድምፅ ስለሚያመጣ ቁልፍ ይዞ መፈተሽ ነው።

ከዚያ ግቢ ተመልሰን የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፣ የኋላውን በክሪክ አነሣን፣ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አደረግን። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር መግባት አይቻልም። አንዱን እግር ብቻ አንሥቶ ሞተር እያስነሱ በማርሽ ማዞርም ክልክል ነው፤ ዲፈረንሻሉ ዙሩን ሁሉ ወደ ተነሣው እግር ስለሚሰጥ ያ እግር በእጥፍ ይከንፋል፤ ክሪኩ ከሸሸ መኪናዋ ዘላ ሰው ትፈጃለች። እኛ በእጅ ነው ያዞርነው። እሳቸው ጎማውን ሲያዞሩ እኔ መዳፌን ባሌስትራው ላይ አሳረፍሁ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። በግራ በኩል አሸዋ እንደሚፈጭ ያለ ንዝረት መዳፌ ውስጥ ገባ።

እዚህ ድረስ ስለ ገንዘብ ነበር የማወራው። ጎማውና የፍሬን ታንቡሩ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ኩሽኔታው ስለላላ ዘንጉ እየተወዛወዘ ፓራኦሊዮውን በልቶታል፤ የዲፈረንሻሉ ዘይትም ፈስሶ የፍሬን ሸራውን አርሶታል። መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ የምትስበው ለምን እንደነበር ያኔ ገባን፤ የግራው የኋላ ፍሬን አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አምስት የኮሚቴ አባላትን ይዘን፣ ኋላው ላይ ዘር ጭነን ቁልቁለቱን ወርደናል። ሁለት አባላት ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

የዚህ መኪና አሠራር የባሰ ነገር አለው። በከባድ የጭነት መኪና ላይ እግሩን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች በአክስሉ ቤት ላይ ስለሚቀመጡ ዘንጉ ቢወጣም ጎማው በቦታው ይቆማል። በእኛ ፒክአፕ ግን ጎማው የታሰረው በራሱ በዘንጉ ላይ ሲሆን፣ ዘንጉን የሚይዘው ያ አንድ ኩሽኔታና ከኋላው የተጠመደው ቀለበት ነው። እነዚህ ከለቀቁ ዘንጉ ከነጎማው ተስቦ ሊወጣ ይችላል። በመሆኑም የዲፈረንሻል ፉጨት ለዓመታት ሊታገሡት ይቻል ይሆናል፤ የእግር ኩሽኔታ ጉርምርምታ ግን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚተላለፍ ጉዳይ አይደለም።

ጥገናው ቀላል ነበር፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩሽኔታው በዘንጉ ላይ ተጨንቆ የሚገባ ስለሆነ በፕሬስ እንጂ በመዶሻ እየተመታ አይገባም፤ የተመታ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ቆስሏል። የወጣው ቀለበት ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይገዛል። ፓራኦሊዮው ይቀየራል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥበው እንደገና የሚገጥሙ አሉ፤ ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣዋልና በሁለቱም በኩል መቀየር ነው። አንድ የሚዘነጋ ነገር ደግሞ አለ፤ በአክስሉ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ። በጭቃ ከተደፈነች ዘይቱ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ አጥቶ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይገፋዋል። የእኛዋ በጭቃ ተለስና ነው ያገኘናት።

ፉጨቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ኮሮናና ፒኞን ከፋብሪካ ተጣምረው የሚወጡ ናቸው፤ አንዱ ከአንድ መኪና፣ ሌላው ከሌላ ከመጣ አይዋደዱም። ቢዋደዱም በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት በዚህ ዓይነቱ ዲፈረንሻል ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለት የደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው። ይህ በመለኪያ እንጂ በግምት አይገኝም፤ ጥርሱም ቀለም ተቀብቶ የት ላይ እንደሚነካካ መታየት አለበት። እኛ በሌላ ጋራዥ አስለክተን አስተካከልነው፤ ድምፁ ቀነሰ። አሁን የምንከታተለው ዘይቱን ነው። ዘይቱ ሲወርድ እንደ አመድ የላመ ጥቁር ደቃቅ ቢገኝበት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስንጥር ከተገኘ ግን መኪናዋ ትቆማለች። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። አክስሉ እንደ ጋለ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ክረምት ላይ ወንዝ አቋርጠን ስንመለስ ማየት ያለብን ለዚህ ነው። ዘይቱ ጂ.ኤል. 5 የተባለው ደረጃ፣ ውፍረቱ 90 የሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ሲሆን ልኩ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ነው። የሞተር ዘይት አይተካውም። ድምፅ ለማፈን ግሪስ ወይም የእንጨት ዱቄት የሚጨምሩም አሉና አሮጌ መኪና ስትገዙ ዘይቱን አስወርዳችሁ እዩ።

ለኃላፊዎቻችን ሁለት ጥያቄ አለኝ። የጥገና መጠየቂያው ቅጽ ድምፁ በምን ፍጥነት፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወይስ ሲለቀቅ፣ በቀጥታ ወይስ በመታጠፊያ እንደሚሰማ የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው፤ ሾፌሩም ይሙላው፣ ይፈርምበት። ሁለተኛው፣ ኩሽኔታንና ፓራኦሊዮን በሦስት ፕሮፎርማ አወዳድረን ርካሹን እንድንወስድ የሚያስገድደን አሠራር ይታይልን። በመጀመሪያው ጥገና ያገለገሉት ጥርሶች የተመረጡት በዚሁ መንገድ፣ ዋጋቸው ዝቅ ስላለ ነበር።

የወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቻለሁ፤ ከቡና በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። አዲስም አንድ አጠገቡ አለ። ሁለቱንም በእጃችሁ አዙሯቸው። መኪናዋም ከመጋዘኑ ጀርባ ቆማለች፤ ሾፌራችን ለሚፈልግ ሰው መተንፈሻዋ የት እንዳለች ያሳያሉ።