«ጌታዬ ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል»
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ይህን ንግግር ከምሳ በፊት ያደረገው አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልገባንም። የምናወራው ስለ ኮሶ ነውና ምሳው ቢተርፍ ተጠያቂው ኮሚቴው ነው።

ከስሙ እንጀምር። በእኛ አገር ትሉም ኮሶ ነው፤ ዛፉም ኮሶ ነው፤ መድኃኒቱም ኮሶ ነው። «ኮሶ ታይቶኝ ኮሶ ጠጣሁ» ብንል ከመካከላችን ግር የሚለው የለም። አማርኛ የሚማር እንግዳ ግን ሰውየው የዳነው በበሽታው ነው እንዴ ብሎ ይጨነቃል።

ዛፉ የደጋ ዛፍ ነው። እዚህ ጣና ዳር ሳይሆን ከፍ ብሎ ብርዱ በሚጠነክርበት ቦታ ይበቅላል። ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። እናቶቻችን አበባውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውኃ ወይም በጠላ በጥብጠው ጠዋት በባዶ ሆድ ያጠጡ ነበር። ምሬቱን መግለጽ አያስፈልግም፤ መራራ ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ የሚመዘነው በኮሶ ነው።

ጥሬ ሥጋ ስለሚወደድ ኮሶ የማይጠጣ ቤት አልነበረም። በየሁለት ወሩ ገደማ መኳንንቱም ይጠጣል፣ ሎሌውም ይጠጣል። እንዲያውም ብዙ ሰው ኮሶ የሌለበትን ሰው ጤነኛ ነው ብሎ አያምንም ነበር። የኮሶ ቀን የዕረፍት ቀን ነው፤ ለአገልጋይ እንኳ ፈቃድ ይሰጠዋል። የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም፤ ምክንያቱን የምታውቁት ነው። ብልሆች ይህን ቶሎ ተጠቀሙበት። ባለጉዳይ ወይም አበዳሪ ደጅ ሲመጣ በረኛው «ጌታዬ ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ይላል። ማን ገብቶ ያረጋግጣል? ዛሬ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባለው የዚያ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጢስ ዓባይንም ያየ መንገደኛ ነው። ስለ ኮሶም ጽፏል። ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ርቀው የማይሄዱት ኮሶ ስለማያገኙ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ያልደረሱበት አገር እንደሌለ ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ» አለው። ያ ስም ግን አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ነበርና አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1791 ዛፉ «ሀገኒያ» ተባለ፤ ሀገን ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ የኮሶን ፈዋሽነት አይቶ አበባውን ወደ ፓሪስ ስለላከ፣ በእሱም ስም «ብራየራ» ተብሎ ነበር። ለአንድ ዛፍ ሦስት ክርስትና አባት! ጸንቶ የቀረው የሀገን ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ኮሶን በውድ ዋጋ ሸጡት። አበባውን ስትወቅጥ፣ ስትመጥንና ስታጠጣ የኖረችው ሴት ግን በየትኛውም ስም ውስጥ የለችም።

እሷ በአገሯም ቢሆን አልተከበረችም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ከማሳቅ አልፎ እኛን የሚነካን። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ችግር በገጠማቸው ጊዜ ጎንደር ውስጥ ኮሶ እየሸጡ እንደኖሩ ይነገራል። ልጃቸው ካሳ በሸፈተ ጊዜ ጠላቶቹ ለስድብ የመረጡት ይህንኑ ነው፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አሉት። ከእቴጌ መነን የጦር አለቆች አንዱ የነበረው ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መሆኑ ነው። ተሸንፎ የተማረከው ግን ራሱ ነበር። ካሳም ምርኮኛውን ግብር አስቀመጠውና ብዙ ኮሶ አቀረበለት ይባላል፤ እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትምና እህል የለንም፣ ያልተሸጠውን ጠጣ ብሎ።

ሁላችንም ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ደጃዝማቹ ያን ቀን ማንንም እንዳልተቀበሉ ግልጽ ነው። ግን እስቲ እናስበው። ንጉሡም፣ ደጃዝማቹም፣ እረኛውም የሚጠጡት ነገር ነው። መጠጣቱ አላሳፈረም፤ መሸጡ ነው ያሳፈረው። ልጇን በመድኃኒት ሽያጭ ያሳደገች ሴት ሥራዋ ስድብ ሆነ።

በዚህ ማኅበር ውስጥ ጠላ የምንሸጥ፣ ዓሣ የምንጠብስ፣ ጉልት የምንቀመጥ አለን። ስንደራጅ የመጀመሪያው ትግላችን ከገንዘብ እጦት በፊት «የእንትን ሻጭ» ከሚለው ቃል ጋር ነበር። ያን ኀፍረት በብዙው ጥለነዋል። በእሱ ቦታ ግን ሌላ ኀፍረት ያስገባን ይመስለናል። አያቶቻችን «ኮሶ ታየኝ» ብለው በግልጽ ተናግረው አንድ ቀን ያርፉ ነበር። እኛ በሽታችንን እንደብቃለን።

ከመካከላችን አንዲት እህት ወራት ሙሉ ደብቃ ኖረች። ዘመናዊ ሴት ኮሶ አላት እንዳይባል ፈራች። በመጨረሻ ከገበያ ኮሶ ገዝታ፣ መጠኑን ሳትጠይቅ ብቻዋን ጠጣች። ሁለት ቀን ስታስመልስ ሰንብታ በጎረቤቶቿ ተደግፋ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ነርሷ «እህቴ፣ ይሄ እኮ በክኒን የሚድን ነው» አለቻት። ይህን ለሁላችንም እንድንናገርላት የፈቀደችው ራሷ ናት፤ እናመሰግናታለን።

ኮሶን ልንንቀው አይደለም። ትሉን በእርግጥ ያስለቅቃል። ነገር ግን ሲበዛ ያደክማል፣ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። የትሉ ራስ ካልወጣ ትሉ መልሶ ያድጋል። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሰገራ ተመርምሮ እንደ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ያለ ክኒን በልክ ይሰጣል።

ከመድኃኒቱ የሚቀድመው ደግሞ መንገዱን መዝጋት ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣር ላይ ይቀራል፤ ከብት ሣሩን ይግጣል፤ ትሉ ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል፤ እኛም በጥሬው እንበላዋለን። እንግዲህ መጸዳጃ ቤትና በደንብ የበሰለ ሥጋ ከማንኛውም ኮሶ ይበልጣሉ። ደጋፊዎቻችን ለመጸዳጃ ቤት ሥራ ገንዘብ ስታዋጡ ሥራው ፎቶ ላይ አያምር ይሆናል፤ ሣሩ ላይ የሚጀምረውን መንገድ የሚቆርጠው ግን እሱ ነው።

እህቶቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት አባል ከስብሰባ ብትቀር «ኮሶ ጠጥታለች» ብንባል አንስቅ፤ «ጤና ጣቢያ ሄደሽ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቃት። አብሯት የሚሄድ ሰው ከፈለገችም እኛ አለን።

 አሁን ምሳ ቀርቧል። ሥጋው በደንብ በስሏል፤ አረጋግጠናል።