የቀረችው ትእዛዝ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ከእጅ መዳፍ ስለማይበልጥ አንድ ዕቃ ነው። ይህ የያዝሁት ቦርድ አርዱዪኖ ኡኖ ይባላል። አርዱዪኖ የተፈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር፥ በኢቭሬያ ከተማ ነው። ማሲሞ ባንዚና ጓደኞቹ የሠሩትም ዋጋው ለተማሪ የማይከብድ መማሪያ እንዲሆን ብለው ነው።

በላዩ የምታዩት ጥቁር ነገር ማይክሮኮንትሮለር ነው። በአንድ ሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለው፤ ፕሮግራም የሚቀመጥበት ስፍራ ግን 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። የተሰጠውን ፕሮግራም ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበትም አይረሳውም፤ ኤሌክትሪክ ባገኘ ጊዜ ያንኑ እንደ ገና ይጀምራል።

ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የሚጽፈው ፕሮግራም በ13ኛው ፒን ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ማብራትና ማጥፋት ነው። ፕሮግራሙ በኮምፒዩተር ተጽፎ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ቦርዱ ይተላለፋል፤ ሁለት ክፍልም አለው። «ሴትአፕ» የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ዝግጅት ሲሆን፥ 13ኛው ፒን ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የምናዘው በዚያ ነው። «ሉፕ» የሚባለው ግን እስከ መጨረሻው ከተፈጸመ በኋላ ተመልሶ ከላይ ይጀምራል። በውስጡም አራት ትእዛዞች አሉ፤ አብራ፤ 1000 ጠብቅ፤ አጥፋ፤ 1000 ጠብቅ። ጊዜው የሚቈጠረው ሴኮንድ በሺህ ተከፍሎ ስለ ሆነ 1000 ማለት አንድ ሴኮንድ ነው።

ይህን ቀላል ነገር እኔ በጻፍሁት ቀን መብራቷ በራች፤ አልጠፋችም። አምስት ጊዜ ሞከርሁ፤ አሁንም አልጠፋችም። ከእኔ በፊት በቦርዱ የተለማመደ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነበርና «እሱ አቃጥሎታል» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ። እሱም አፍሮ ሁለት ሳምንት ወደ ቤተ ሙከራው ሳይመጣ ቀረ። «የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች» የተባለው በእኔ ደረሰ።

በኋላ መምህራችን «ዕቃውን ከመክሰስህ በፊት የጻፍኸውን ጮኸህ አንብብ» አሉኝ። ባነብበው አራተኛዋ ትእዛዝ የለችም! መብራቷ በእርግጥ ትጠፋ ነበር፤ ነገር ግን ከጠፋች በኋላ ጠብቅ የሚል ስላልነበረ ሉፑ ወዲያው ተመልሶ ያበራታል። የምትጠፋበት ጊዜ ከሴኮንድ ሺህኛ ክፍል እጅግ ያነሰ ነውና ዐይን አያየውም።

ልጅን «ጨው ግዛ» ብለን ብንልከው «ተመለስ» ባንለውም ይመለሳል። ቦርዱ ግን ያልተባለውን አያደርግም። ፊደል ብንስት ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለ ብሎ ይመልስልናል፤ ሳናስበው የቀረውን ግን ማንም አይነግረንም፤ ራሳችን ፈልገን ልናገኘው ይገባል።

ትእዛዟን ጨምሬ ዝም ብል ኖሮ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ነገር ግን ጓደኛዬን ያሳፈርሁት በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ዛሬ በመካከላችሁ የተቀመጠውን ያን ጓደኛዬን በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቦርዱ ደኅና ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለምትጀምሩ ታናናሾቼ የምመክራችሁ ይህን ነው። በመጀመሪያ 1000 የሚለውን ወደ 200 ለውጡና የሚሆነውን ተመልከቱ። ቀጥሎ ሌላ መብራት ከውጭ ስታያይዙ ረጅሙ እግሯ ወደ ፒኑ፥ አጭሩ ወደ ግራውንድ ይሁን፤ በመንገዱም 220 ኦም ሬዚስተር አግቡበት፤ አለዚያ መብራቷ ልትቃጠል፥ ፒኑም ሊጐዳ ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ እንዲህ ከሆነ የተሳሳታችሁበትን ለማግኘት አትቸገሩም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ አንዲት መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ብታዩት ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት። አሳቡን በቅደም ተከተል ማኖርን፥ ስሕተቱንም በራሱ ዘንድ መፈለግን እየተማረ ነውና።