ድርቅ ረኃብ እንዳይሆን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው አርእስት ለበዓል የሚስማማ አይመስል ይሆናል፤ ነገሩ የድርቅና የእህል ነገር ነውና። ነገር ግን ጾሙን ላደረ ተማሪ ትምህርት እንደማይገባው፤ ዝናብ በጠፋበትም ዓመት በክፍላችን ውስጥ ባዶ የሚሆነው ወንበር እንደሚበዛ ሁላችን እናውቃለን። ከጋይንት፤ ከስማዳና ከእስቴ ወጣቶች ብዙዎቹ በክፉ ዓመት ደብተራቸውን አስቀምጠው ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርዱ ኖረዋል። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ እህል መናገር ማለት ስለ ትምህርት መናገር ማለት ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን ለይተን ማየት ይገባናል። ድርቅ የዝናብ ማነስ ነው፤ ረኃብ ግን ምግብ ከሰው እጅ መጥፋቱ ነው። ዝናብን ማዝነብ ከሰው ሥልጣን በላይ ነው፤ ድርቁ ረኃብ እንዳይሆን ማድረግ ግን የሰው ሥራ ነው። እህል ከማሳ ተነሥቶ ሞሰብ እስኪደርስ ብዙ ቦታ ያልፋል፤ ከአውድማ ወደ ጎተራ፤ ከጎተራ ወደ ገበያ፤ ከገበያ ወደ ወፍጮ፤ ከወፍጮ ወደ ምጣድ ይሄዳል። ይህ መንገድ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለ ሆነ፤ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ የሌሎቹ ጥንካሬ ብቻውን አያድንም።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውና አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብ በዝናብ መጥፋት ብቻ የመጣ አልነበረም። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀው፤ በሬ ያጣ ገበሬም ማረስ ተሳነው፤ ተምችና አንበጣም ተጨመረበት። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከተበጠሱት ቀለበቶች ዋናው በሬው ነበር ማለት ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ደግሞ ሌላውን ቀለበት ያሳየናል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ በጻፉት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፤ በዚያን ጊዜ በመላ ኢትዮጵያ የነበረው ምግብ ከወትሮው እምብዛም አላነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም። ነገር ግን የወሎ ገበሬ ሰብሉ ስለ ጠፋበትና ከብቱ ስላለቀበት መግዣ ገንዘብ አልነበረውም። እህል ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል፤ ስለዚህም ከተራበው አገር እህል ተጭኖ ሲወጣ ታየ። ረኃብ በሞላ ገበያ አጠገብም ሊገድል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የ1977 ዓ.ም. እልቂት ከወላጆቻችን ትዝታ ገና አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. ግን ኤልኒኖ በተባለው የአየር ጠባይ መዛባት ምክንያት ከባድ ድርቅ ሲደርስ፤ የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ነው ቢባልም፤ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ለምን ቢባል፤ መንግሥት ስንዴ አስቀድሞ ከውጭ ገዝቷል፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ለችግረኛው ገበሬ እርከንና ኩሬ እየሠራ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኝበትን መንገድ አበጅቶ ቈይቷል። ሆኖም በዚያው ዓመት በጅቡቲ ወደብ መርከቦች ተጨናንቀው ተራ ሲጠብቁ ታይተዋል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እህል ብዙ በር አለበት፤ በቅርብ ያለ ጎተራ ግን አንድ በር ብቻ አለው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በእኛ ዘንድ መጠንከር ያለባቸው ቀለበቶች አራት ናቸው ብለን እናምናለን።

አንደኛው ጎተራው ነው። ዮሴፍ በግብፅ ምድር በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እንዳስቀመጠ ሁላችን ሰምተናል፤ ነገር ግን ያስቀመጡት ሁሉ አይገኝም። ጤፍና ዳጉሳ ፍሬያቸው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍራቸውም፤ ለብዙ ዓመት ይቀመጣሉ። በቆሎና ማሽላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይነቅዛሉ። ለዚህ ዛሬ አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ተገኝቷል። በደንብ የደረቀ እህል በውስጡ ተሞልቶ አፉ ሲታሰር፤ ነቀዙ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ያለ መድኃኒት ይሞታል። የደጋው ሰው የድንች ዘርም የፀሐይ ጮራ በቀጥታ በማያርፍበት፤ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ሳይበሰብስ እስከሚዘራበት ጊዜ ይደርሳል።

ሁለተኛው ዘሩ ነው። የተራበ ሰው ዘሩን ይበላል፤ ዘሩን የበላ ሰው ደግሞ ዝናብ ቢመጣለትም የሚዘራው የለውም። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማጠራቀሚያ ማዕከል ተቋቁሞ የአገራችን ዘር እንዳይጠፋ ተደርጓል። የማዕከሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማዕከል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳና በገበሬው እጅ ጭምር እንዲጠበቅ ስለ ደከሙ፤ በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እኛም በየቀበሌያችን ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍና ገብስ ለይተን በጋራ ብናስቀምጥ፤ ዝናብ ሲዘገይ እንደ ገና የምንዘራው አናጣም። ስለ ጓያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ነገር ግን ለወራት እርሱን ብቻ የተመገበ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሌላ እህል ጋር እየተቀላቀለ እንጂ ብቻውን ቀለብ ሊሆን አይገባውም።

ሦስተኛው ከብቱ ነው። ለገበሬ ከብት ባንኩ ነው፤ ነገር ግን ይህ ባንክ በድርቅ ጊዜ ይከስራል። ለምሳሌ በደህናው ዓመት አንድ በግ የተሸጠበት ገንዘብ 80 ኪሎ እህል ይገዛ ነበር እንበል። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም በጉን ለመሸጥ ስለሚወጣ የበጉ ዋጋ በግማሽ ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ያው በግ የሚገዛው 20 ኪሎ ብቻ ነው። በጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ነው። አስቀድሞ የሸጠ ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ የዘገየ ግን ከብቱንም እህሉንም ያጣል።

አራተኛው መንገዱና ገበያው ነው። ቻይናዎች ከወልድያ እስከ ወረታ የሠሩትና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው አውራ ጎዳና በጋይንትና በደብረ ታቦር ያልፋል፤ በወረታም የአገሪቱ የመጠባበቂያ እህል መጋዘን ተሠርቷል። ነገር ግን ከአውራው ጎዳና ርቆ በገደል ማዶ የሚኖረው ገበሬ እህሉን የሚያደርሰው ዛሬም በአህያ ጀርባ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአገራችን አቀማመጥ ራሱ ሀብት ነው። የበሽሎ ቈላ ሲደርቅ የጉና ግርጌ ገብስና ድንች ሊያፈራ ይችላል፤ ደጋው ውርጭ ሲመታውም ቈላው ማሽላ ሊኖረው ይችላል። ደጋና ቈላን የሚያገናኙት የሳምንት ገበያዎች እንዳይዘጉ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ከድልድይም በላይ ሰላም ያስፈልጋል። መንገድ በውኃ ሙላትም ቢዘጋ በጠብም ቢዘጋ፤ የሚራበው ያው ድኻው ነው።

ታዲያ ትምህርት ቤታችን ምን ሊያደርግ ይችላል? እኛ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፤ በግቢያችን የዝናብ መለኪያ ተክለን በየቀኑ እንመዝግብ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ ይህን ለመቍጠር ማንኛውም ተማሪ ይበቃል። ሁለተኛ፤ በየገበያው ቀን የበግና የእህል ዋጋ ጠይቀን በሰሌዳ ላይ እንጻፍ። አንድ በግ የሚገዛው እህል ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ሲሄድ፤ ረኃብ ሳይመጣ መልእክተኛው መጣ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለወላጆቻችንና ለግብርና ሠራተኞች እንናገር። ሦስተኛ፤ ከየቤታችን የአገሩን ዘር ጥቂት ጥቂት አምጥተን በትምህርት ቤቱ መሬት እየዘራን እናቈየው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተ ሰማይ አይታችሁ፤ ነፋስ አሽትታችሁ ዓመቱን የምታውቁ ናችሁ። እኛ የምናመጣው ቍጥር የእናንተን ዕውቀት ሊሽር አይደለም፤ በወረቀት ሰፍሮ ለሚቀጥለው ትውልድ እንዲቈይና የሚመለከተው ክፍል በጊዜው እንዲሰማው ነው እንጂ። መጥኖ መደቈስ አስቀድሞ ነው ያላችሁን እናንተው ናችሁ። ዝናቡ በሚመጣው ዓመት ይብዛ ወይም ይነስ አናውቅም፤ የጎተራው ክዳን፤ የዘሩ ቅል፤ የገበያው መንገድ ግን በእጃችን ናቸው።